አርብ አርብ የምትሰሚው ድምፅ

መተማ ዮሐንስ
ሰኞ ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘሀቢያ ሽኩር
ፖርት ሱዳን

ልጄ ዘሀቢያ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ፣ ከልጅሽ ከሳጂድና ከባለቤትሽ ከአብዱልሀኪም ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ስነሳም ይጮሃል፣ ስቀመጥም ይጮሃል። የመለዋወጫ ሱቁም አለ። ዝናብ ሳይገባ ትራክተራቸውን የሚያሰናዱ ገበሬዎች መምጣት ስለጀመሩ ኩሽኔታና ቺንጋ እየሸጥኩ ነው የምውለው። ሙቀቱን አልነግርሽም፤ የሚያዝያን መተማ አንቺም አድገሽበታል።

«ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስጻፈው» እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩ ያለው እናትሽ እጅ ነው። ስትደውዪ ለኔ የተፈቀደልኝ ሰላምታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከላዬ አታነሳም። አንድ ነገር እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። «በአፍህ አንዲት ቃል እንዳትወጣ» አለችኝ፣ እኔም በአፌ አልናገርም ብዬ ማልኩላት። ስለዚህ በእጄ ጻፍኩልሽ። አላህ ተንኮሌን ይቅር ይለኝ ይሆናል፤ እሷ ካወቀችብኝ ግን ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም።

አሁን እንኳ ስጽፍ በሱቁ በር ትታየኛለች። ከኒሟ ዛፍ ስር በገመድ አልጋዋ፣ በአንገረቧ ላይ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እኔ ያለቀ ዕቃ የምመዘግብ መስሏታል።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። አርብ አርብ የምትሰሚው የእናትሽ ድምፅ የኪኒን ድምፅ ነው። በሌላው ቀን እናትሽ ድምፅ የላትም።

በሽታዋን ያስመረመርሻት አንቺ ነሽ። ወድ መደኒ ወስደሽ ሐኪም እስክታሳያት ድረስ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ከቀትር በኋላ የዓይኗ ቆብ ሲወድቅ አንዱ እንቅልፍ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ፤ ቀና ብላ ሰላም ስላላለቻቸው ዘሊካ ኮራች ብለው ያኮረፉም ነበሩ። ሐኪሙ ነው ጡንቻዋ ቶሎ የሚዝልበት በሽታ እንደሆነ፣ ባይድንም በኪኒን እንደሚያዝ የነገረን። ፒሪዶስቲግሚን። ስሙን እኔ ዛሬም ብልቃጡ ላይ ሳላይ አልጠራውም። በዋጠችው በትንሽ ጊዜ ውስጥ ግን ዓይኗ ይገለጣል፣ አንገቷ ይቀናል፣ ምግብ ይወርድላታል፤ ደግሞ እኔን መቆጣት ትጀምራለች። ሰዓቱ ሲያልፍ ሁሉም ይመለሳል፣ ሌላ ኪኒን ይፈልጋል። እንደዚያ አድርገን ስንት ዓመት ኖርን።

መድኃኒቱን አንቺ ከወድ መደኒ እየገዛሽ በሹፌሮች ትልኪልን ነበር፣ እኔም ገላባት ተሻግሬ እቀበል ነበር። ጦርነቱ እዚያ ደርሶ ልጅሽን አዝለሽ ስትሸሺ የመድኃኒቱም መንገድ አብሮ ቆመ። ስትጠይቂን «ሸሕዲ ይሸጣል፣ ጎንደርም ሞልቷል» አልንሽ። እንደዚያ በል ያለችኝ እናትሽ ናት። ሸሕዲም ኖሮ አያውቅም፣ ጎንደርም አልሞላም።

ባዶውን ብልቃጥ ኪሴ አድርጌ እዚህ ያሉትን ፋርማሲዎች በሙሉ ዞርኩ። አንዱ ስሙን ደጋግሞ አንብቦ «አባባ፣ ይህ የሰው ነው የከብት?» አለኝ። ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ሸሕዲ ሄድኩ። እዚያ አንዱዓለም የሚባል ፋርማሲ ያለው ሰው አለ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠኝ።

«ጋሼ ሽኩር፣ አልዋሽዎትም፤ ይህን መድኃኒት ስማር በመጽሐፍ እንጅ በዓይኔ አይቸው አላውቅም» አለኝ። «እዚህ የሚሄደው የወባ ነው፣ የተቅማጥ ነው፣ የቁስል ነው። ይህን ባመጣው ከእርስዎ ቤት በቀር የሚገዛኝ የለም። አከፋፋዩም በካርቶን ካልሆነ አይሸጥልኝም። ካርቶኑ ደሞ እዚህ ሙቀት ላይ ተቀምጦ ጊዜው ያልፍበታል።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ ልቆጣው? እኔስ የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጣለሁ? አዱኛ ያን የአባቱን አሮጌ ትራክተር ይዞ የፓምፕ ጎሚኒ በጠየቀኝ ቁጥር «ላንድ ሰው ብዬ አላስመጣም» እለው የለ። ከሸሕዲ እንደተመለስኩ ለአዱኛ ጎሚኒውን አዘዝኩለት። ይህን ስታነቢ አባቴ አረጀ በይ።

አንዱዓለም ግን አልተወኝም። ጎንደር ያሉትን ጓደኞቹን በሙሉ ጠየቀልኝ፤ የለም አሉት። አዲስ አበባ አልፎ አልፎ ይገባል፣ ወዲያው ያልቃል ተባለ። ዋሴ፣ ያ የሚኒባስ ሹፌሩ፣ የሐኪም ማዘዣዋን ይዞ ጎንደር እየወጣ ባዶ እጁን ሲወርድ ከረመ፤ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። እሷን ራሷን ይዣት ልወጣ ብዬ ነበር። አንገቷን መሸከም ያቃታትን ሰው በዚህ ሙቀት በየኬላው እያስወረዱ እያስወጡ እንዴት ይሆናል? ብንደርስስ ምን ልናገኝ?

የካቲት መጨረሻ ላይ አንዱዓለም ደወለልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ለመናገርም ይከብዳል። ሽንፋ አንዲት እናት ነበሩ፣ በሽታቸው የባለቤትዎ ዓይነት ነው። መድኃኒቱን ልጃቸው ካዲስ አበባ ታመጣላቸው ነበር።»

«ነበሩ?»

«በወባ ሄዱ። ዛሬ ሠልስታቸው ነው።»

ሽንፋ ወረድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሰጡኝ፣ በላሁ። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟች ዕቃ የሚጠይቅ ሰው ሰምቼም አላውቅ፤ እኔ ግን ለዚያ ነበር የመጣሁት። አፌን ልከፍት ስል አንዱ ስለ ሟቿ ደግነት ያነሳል፣ እኔም ንፍሮዬን አላምጣለሁ። በኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ሴትዮዋ ከቀትር በኋላ አንዱን ዓይኗን በጣቷ እየከፈተች ለእንግዳ እንጀራ ታቀርብ እንደነበር አወራ። ያንን ስሰማ ዘሊካ ፊቴ ድቅን አለች። አለቀስኩ ልጄ። ስሟን እንኳ የማላውቃትን ሴት ከዘመዶቿ በላይ አለቀስኩላት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የሟቿ ልጅ ውቢት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ እናቴን በምን ያውቋት ነበር?»

የገበያ ወዳጅ ነበርን ልላት አሰብኩ። ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«አላውቃትም ልጄ» አልኳት። «እኔ ቤትም እንደሷ ያለች ሴት አለች። መድኃኒቷ አልቆባታል።»

ቀና ብላ አላየችኝም። የተቀየመች መሰለኝና ለመሄድ ተነሳሁ።

«ይቀመጡ» አለችኝ። ገብታ ብልቃጡን በነጠላዋ ከልላ አመጣችልኝ። «ልጥለው ብዬ አልቻልኩም፤ እንዳላየውም አልቻልኩም። ይውሰዱላት። ብቻ ስትውጠው የእናቴን ስም ትጥራልኝ። ታንጉ ነው ስሟ።»

ለዘሊካ አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳት። አቅፋው አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኗን የምትውጠው «አላህ ለታንጉ ይዘንላት» ብላ ነው። ብልቃጡ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ነበሩ። ቢሆንም እሱ እስኪያልቅ ሌላ ይገኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

ይቅርታ፣ ደንበኛ መጥቶ አቋረጠኝ። የዘይት ፊልትሮ ነው የፈለገው። ዘሊካም አንዱን ዓይኗን በጣቷ ከፍታ አየችኝ። ምን እንደምጽፍ በእጇ ምልክት ጠየቀችኝ፤ «ዕቃ» አልኳት። የምታምነኝ አይመስለኝም።

ረመዳን ገባ። ሐኪሙም ሸሁም ጾም የለብሽም ብለዋታል፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ ግን «ሰፈሩ ሁሉ እየጾመ እኔ ብቻ ውኃ ስጠጣ ልታይ ወይ» ብላ እምቢ አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሸሁን ራሳቸውን ቤት ድረስ አመጣሁባት። «ኪኒኑን በሱሁርና በኢፍጣር እውጣለሁ» ብላ ሸኘቻቸው። ቀን ቀን አንገቷ ሲያዘነብል፣ ማታ አጥሚት የመሰለው መዲዳው እንኳ አልወርድ ብሎ በአፍንጫዋ ሲመለስ አያለሁ። ኢባዳዋ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በሷና በአላህ መሀል ምን ብዬ እገባለሁ።

የኢድ ጠዋት አዲሱን ቶብ ላለብሳት አሮጌውን ሳነሳ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኘሁ። ፈታሁት። ያለቁ የመሰሉኝ የታንጉ ኪኒኖች ናቸው፤ ሁለት ቀርተዋል። ከአርብ ማታ በቀር በሱሁርም አልዋጠችም፣ በኢፍጣርም አልዋጠችም። እኔ ጾም የመሰለኝ ነገር ጾም አልነበረም።

«ይህ ምንድን ነው ዘሊካ?» አልኳት።

መልስ የምትሰጥበት ድምፅ አልነበራትም። መዳፏን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እንደ ስልክ አሳየችኝ። ከዚያ ክንዷን አጥፋ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ወዘወዘች።

የዚያን ሳምንት አርብ፣ ከጁምዓ ስመለስ አንዷን ውጣ ጠበቀችኝ። አንቺ ከመደወልሽ በፊት አፏ ተፈታና ሁሉንም ነገረችኝ። «እንዲህ ሆኜ ከሰማችኝ ያች ልጅ ትነሳለች» አለች። «ልጇን አዝላ በዚያ መንገድ ትመጣለች። አንተ አታውቃትም፣ እኔ አውቃታለሁ። እኔ ኪኒኑን ቀን በቀን ብውጠው ትንሽ ጊዜ ነው የሚጨምርልኝ። ሳጂድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ?» ከዚያ ነው ያስማለችኝ። ማልኩላት እንጂ ተናደድኩ። በሷ ተናደድኩ፣ ባንቺም ተናደድኩ። ባንቺ መናደድ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ግን እውነቱን ልጻፍ ብያለሁና ይኸው ጻፍኩት።

ረመዳን ከገባ ወዲህ አርብ አርብ ስትደውዪ የምትሰሚው ይህን ነው ልጄ። አንቺ «እማ ድምፅሽ እንዴት ጠርቷል» ትያታለሽ፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ሱቅ እገባለሁ። ስወጣ አገኛታለሁ፤ ስልኩን ጡቷ ላይ አስደግፋ ዓይኗ ተከድኗል።

ያለፈው አርብ የመጨረሻዋን ዋጠች። የሳጂድ ድድ ሲያሳክከው ምን እንደምታደርጊለት ያን ሁሉ የነገረችሽ ጊዜ ማለቴ ነው። ልትዘጉ ስትሉ «አውፍ በይኝ ልጄ» አለችሽ። አንቺም «የምን አውፍ ነው እማ፣ ደሞ ምን አደረግሽኝ» ብለሽ ሳቅሽባት። ሰምቼሻለሁ። ስለሳቅሽ አትጸጸቺ። ሳቅሽን ነበር የፈለገችው፣ አገኘችው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ድምፅ ተርፏት ነበር። እሱን በኔ ጨረሰችው። ጋቢህ ቆሽሿል፣ ሱቅህን በጊዜ ዝጋ፣ ወተት ከዚያችኛዋ አትግዛ ውኃ ትጨምራለች፣ ውቢትን አንድ ቀን ሂድና ጠይቃት አለችኝ። እሺ እሺ አልኳት። ከዚያ ጎኔ ላይ ተደገፈችና ደከማት።

ከአርብ ወዲህ አንድም ቃል አልወጣትም። መዲዳውን በማንኪያ ጠብ አደርግላታለሁ፣ አብዛኛው ይመለሳል። ጋደም ስትል ትንፋሿ ስለሚያጥራት ተቀምጣ ነው የምታድረው፣ እኔም ከጀርባዋ። እዚህ ያሉት የጤና ባለሙያዎች መጥተው አዩዋት፤ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ያለበት ይወሰዱ አሉ። የት ብዬ፣ በየት በኩል ብዬ ልጠይቃቸው? እነሱም ያውቁታል። አንዱዓለም አሁንም እየፈለገ ነው። አዲስ አበባ ቃል የገባለት ሰው አለ፣ መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ይመጣል ብሎኛል። ዘሊካ መንገዱ እስኪከፈት የምትቆይ አይመስለኝም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ላንቺ ነው መጀመሪያ የነገርኩሽ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ወረቀቱን የምታመጣልሽ ሉባባ ናት፣ ያች ሻይ ቅጠል ነጋዴዋ። ነገ በድልድዩ ትሻገራለች፤ ሐሙስ ፖርት ሱዳን እደርሳለሁ ብላለች። ከዘገየች በዚህ አርብ ኔትወርኩ ነው ብዬ እዋሽሻለሁ፤ መዋሸቱን ለምደነዋል። ከደረሰች ግን እንደ ወትሮሽ ደውዪ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ። ጥያቄ አትጠይቂያት፤ ከተጠየቀች ልትመልስ ትታገልና ያለቻትን ትንፋሽ ትጨርሳለች። አንቺ ብቻ አውሪ። ምን በላችሁ፣ ሳጂድ ምን ሰበረ፣ ባሕሩ ምን ይመስላል፣ ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው፣ ያን ሁሉ ንገሪያት። ዝም ስትል አልሰማችም እንዳትይ፤ ጆሮዋ ደህና ነው። ማልቀስ ካለብሽ ከመደወልሽ በፊት አልቅሰሽ ጨርሺ። ሳጂድንም አስጩሂው፣ ጩኸቱን ትወደዋለች።

የነገርኩሽን እንደማታውቂ ሁኚ። ይህችን እንኳ እናድርግላት። ያ ሁሉ ኪኒን የተቆጠበው አንቺ እንዳታውቂ ነው።

እና አትምጪ። እናትሽ ስላለች ብቻ አይደለም፣ እኔም እልሻለሁ። ከዚያ የሚመጡት በሱቄ ደጃፍ ነው የሚያልፉት፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳዩ እሰማለሁ። ባልሽን «እሄዳለሁ ብልህ እሺ እንዳትለኝ» ብለሽ ንገሪው፤ አባቴ ነው ያለው በዪው። ልጅሽን ጠብቂ። አንቺ ደህና ከሆንሽ እኛ ደህና ነን።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሸፍናችሁ። ሳጂድን ለአቅመ አዳም ያድርስልሽ፤ የሴት አያቱን ትዕግሥት ይውረስ፣ የኔን ጉልበት አይውረስ። ካንቺ በፊት እኔን ያድርገኝ ልጄ። እናትሽ ብታውቅ ኖሮ ይህችኛዋ ላይ «አሚን» ትል ነበር፣ ስለዚህ ስለሷም ሆኜ አሚን ብያለሁ።

አባትሽ
ሽኩር

ይህን ከፈረምኩ በኋላ ነው የጨመርኩት። ሉባባ ወረቀቱን ልትወስድ መጥታ ነበርና ጠየቅኋት። ድልድዩ ለእግረኛ የሚከፈተው ጠዋት ጠዋት ነው አለችኝ። ልጅ የያዘች ሴት ካለች ሰልፍ አያስይዟትም፣ ያሳልፏታል። እንዲያው ብታውቂው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።